ከጎንደር ወደ ሀርቢን፦ በብርዳማ የቻይና ከተማ እንግዳ ሆኖ ለመክረም

በጎንደር ብርድ የጠዋት ነው። ጎሕ ሲቀድ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ጋቢውን እስከ ጆሮው ይከናነባል፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ከፍ ስትል ጋቢው ወደ ትከሻ ይወርዳል፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ይፈለጋል። በዳባትና በደባርቅ ያደገ ሰው ውርጭን ከእኛ ይልቅ ቢያውቅም፣ እርሱም የለመደው ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ችሎ መቆየትን ነው። የሄይሎንግጂያንግ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው በሀርቢን ግን የክረምቱ ፀሐይ ታበራለች እንጂ አታሞቅም፤ የጃንዋሪ ወር አማካይ የሙቀት መጠን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪና ከዚያም በታች የሚወርድባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ክረምት ስል የእነርሱን ማለቴ ነው፤ እኛ በጋ የምንለውን፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን ጊዜ።

እዚያ ሦስት ዓመት ተምሬ ከተመለስሁ ወዲህ፣ ለመሄድ የተዘጋጁ የጎንደር ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ቤቴ ድረስ እየመጡ ይጠይቁኛል፤ አብዛኞቹም «እኛ ደገኞች ነን፣ ብርድ እናውቃለን» ይላሉ። ይህን የጻፍሁት በዚህ አባባል ምክንያት ነው። የዚያን አገር ብርድ በወኔ የቻለ ሰው አላየሁም፤ አስቀድሞ የተዘጋጀና የአገሩን ሰው ልማድ የተከተለ ግን በደኅና ይከርማል።

ከመነሣታችሁ በፊት

የመጀመሪያው ጉዳይ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው። ቻይና ውስጥ የዩኒቨርሲቲው መዝገብ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ ሲም ካርዱና የባቡር ትኬቱ ሁሉም ከፓስፖርት ጋር የሚመሳከሩ በመሆናቸው፣ ስማችሁ በፓስፖርቱ ላይ በሰፈረበት ቅደም ተከተል፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል፣ በሁሉም ላይ መስፈር አለበት። የባንኩ ሠራተኛ የአያትን ስም አስቀድሞ፣ ሲም ካርድ የሚሸጠው ደግሞ የአባትን ስም አስቀድሞ ከመዘገበ ስልካችሁ ከባንክ ሒሳባችሁ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ስልክና ባንክ ካልተገናኙ ምሳ መግዛት እንኳ ያስቸግራል፤ በዚያ አገር የመንገድ ዳር የስኳር ድንች ሻጭ ሳይቀር ክፍያ የሚቀበለው ዊቻት ወይም አሊፔይ በሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎች ነውና። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። መስከረም 5 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በእነርሱ አቆጣጠር የተወለደው ሴፕቴምበር 15 ቀን 2002 ነው፤ አንዱ ሰነድ በእኛ፣ ሌላው በእነርሱ አቆጣጠር ከተጻፈ አንዱ ልጅ ሁለት ሰው ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሁሉም ሰነዶቻችሁ አንድ ቀን እንዲይዙ ከጎንደር ሳትወጡ አስተካክሉ።

ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ እዚያ ስለማይከፈቱ፣ ዊቻትን እዚሁ እያላችሁ በስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ በእናትና በአባታችሁ ስልክም ላይ ጭናችሁ አለማምዷቸው። አዲስ አካውንት ሲከፈት ብዙ ጊዜ ነባር ተጠቃሚ እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ይህን ጉዳይ ለመጨረሻው ሌሊት አታቆዩት። የሰዓቱን ልዩነትም ለቤተሰብ ማስረዳት ያስፈልጋል፦ ቻይና ከእኛ በአምስት ሰዓት ትቀድማለች። ጎንደር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሀርቢን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፤ ለሁለቱም ወገን የሚመቸው የመደዋወያ ጊዜ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ከቀትር በኋላ፣ በእነርሱ ምሽት ነው።

እንደ ደረሳችሁ ሁለት ግዴታዎች አሉ። ማንኛውም የውጭ አገር ሰው በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ መኖሪያውን በአካባቢው ፖሊስ ማስመዝገብ አለበት፤ ሆቴል ያደረ እንደሆነ ሆቴሉ ይመዘግበዋል፤ ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት ያረፈ ግን ራሱ ሄዶ መመዝገብ ይኖርበታል። ኤክስ 1 በሚባለው የረዥም ጊዜ የተማሪ ቪዛ የገባ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ግዴታው ነው። ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ ሥራ መሥራት በሕግ የሚያስጠይቅ መሆኑን በተለይ አስባችሁ ያዙ፤ ማንም «ችግር የለውም» ቢላችሁ አትስሙ።

ስንቅን በተመለከተ፣ ሥጋ፣ ቅቤና አይብ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። የእናቴን ቅቤና ቋንጣ ከሻንጣዬ ውስጥ አውጥተው ሲያስቀሩት ቆሜ አይቻለሁ፤ ቅቤውን ለማንጠር የዋለችበት ቀን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ሽሮ፣ በርበሬና በደንብ የደረቀ የእንጀራ ድርቆሽ ግን ይዤ ገብቼ ለወራት ተጠቅሜበታለሁ።

ልብስ

በመስከረም የምትሄዱ ከሆነ ወፍራም ልብስ ከጎንደር ገዝታችሁ አትሸከሙ። ያ ወቅት በሀርቢን ልከኛ ነው፤ ለብርዱ የተሠራውን ልብስ ከብርዱ አገር መግዛት በጥራትም በዋጋም ይሻላል። በየካቲት የምትሄዱ ከሆነ ግን ከአውሮፕላን ወይም ከባቡር ወርዳችሁ ማደሪያ እስክትገቡ ድረስ የሚያገለግል ካፖርት፣ ጓንትና ኮፍያ በእጅ ሻንጣችሁ ውስጥ መኖር አለበት።

ልብስ የሚለበሰው በሦስት ደረጃ ነው። ከሰውነት ጋር የሚነካካው ቀጭንና ላብን የሚያሳልፍ ይሁን፤ ጥጥ ላብን ይዞ ይቀራል፣ የረጠበ ጥጥ ደግሞ በዚያ ብርድ ውስጥ ከሰውነት ሙቀትን ይመጥጣል። ከሱሪ ሥር የሚለበሰውን፣ የአገሩ ሰው «ቺዩኩ» የሚለውን ጠባብ ረዥም ሱሪ፣ ወጣቶቻችን እንደ ሽማግሌ ልብስ ቆጥረው ይተዉታል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ የሀርቢን ልጆች ራሳቸው ሳይለብሱት አይወጡም። በመካከል የሱፍ ሹራብ ይገባል። ከላይ ደግሞ በላባ የተሞላ፣ ነፋስ የማያስገባ፣ ቢቻል እስከ ጉልበት የሚደርስ ጃኬት ይለበሳል። ሦስት ቀላል ልብሶች ከአንድ ከባድ ካፖርት የሚሻሉት በመካከላቸው የሚታመቀው አየር ሙቀት ስለሚጠብቅ ብቻ አይደለም። መደብር፣ አውቶቡስና የመማሪያ ክፍል ሁሉ የሞቁ በመሆናቸው በቀን አሥር ጊዜ ማውለቅና መልበስ ይመጣል፤ ውስጥ እያለ ያላወለቀ ሰው አልቦት ይወጣል፣ ያላበው ሰው ደግሞ ሌላው ሰው ከሚበርደው እጥፍ ይበርደዋል።

ከሁሉም በላይ ገንዘባችሁን ጫማ ላይ አውሉት። ጎማው ወፍራም፣ ውስጡ ፀጉራም፣ ከእግራችሁ በአንድ ቁጥር የሚበልጥ ቦት ጫማ ግዙ፤ ጠባብ ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ መደራረብ ደሙ እንዳይዘዋወር ስለሚያግድ እግርን ይበልጥ ያቀዘቅዛል። ይህን ያወቅሁት በመጥፎ መንገድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ከፒያሳ የገዛሁትን የቆዳ ጫማ አድርጌ ከቤተ መጻሕፍት እስከ ማደሪያዬ 25 ደቂቃ ያህል ተራመድሁ። መንገዱን ስጀምር ጣቶቼ ያመኝ ነበር፤ ግማሽ ላይ ሕመሙ ሲጠፋ «ለመደ» ብዬ ደስ አለኝ። ክፍሌ ገብቼ ካልሲዬን ሳወልቅ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች አመድ መስለው፣ ስነካቸው እንደ ሻማ ጠንክረው አገኘኋቸው። ለማሞቅ ብዬ በመስኮቱ ሥር ካለው የማሞቂያ ብረት ጋር አስጠጋኋቸውና ወንበሬ ላይ እንዳለሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ውኃ ቋጥረዋል፤ ብርዱ ስላደነዘዛቸው ብረቱ ሲያቃጥላቸው አልተሰማኝም ነበር።

ስለዚህ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፦ ጣት፣ ጆሮ ወይም የአፍንጫ ጫፍ አሞ አሞ በድንገት ሕመሙ ቢጠፋ፣ ያ የመልመድ ሳይሆን የአደጋ ምልክት ነው። በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ መንጣቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል፤ ግራጫ ሆኖ እንደ ሰም ያብለጨልጫል። ወዲያው ወደ ሞቀ ቤት ግቡ፤ አትሹት፣ በበረዶም አትፈትጉት፣ እሳት ወይም ብረት አታስጠጉት። ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ የውኃውንም ሙቀት በደነዘዘው እጃችሁ ሳይሆን በክርናችሁ ወይም በሌላ ሰው እጅ ለኩት። ስሜቱ ካልተመለሰ ወይም ውኃ ከቋጠረ ሐኪም ቤት ሂዱ። የአምቡላንስ ስልክ 120፣ የፖሊስ 110፣ የእሳት አደጋ 119 ነው። ሐኪም ቤት ስትደርሱ አስቀድሞ ካርድ ማውጣትና መክፈል፣ ከዚያ ሐኪሙን ማየት እንደሆነ እወቁ፤ ፓስፖርትና የተማሪ መድኅን ወረቀት ከእጃችሁ አይለዩ።

ቤት ውስጥ

በሰሜን ቻይና ማሞቂያ የከተማ አገልግሎት ነው፤ ሙቅ ውኃ ከማዕከል ተነሥቶ በቧንቧ ወደየቤቱ ይገባል። በሀርቢን በጥቅምት 10 ገደማ ተከፍቶ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ፣ ስድስት ወር ይቆያል። በዚህ ጊዜ በስስ ሸሚዝ ቤት ውስጥ መቀመጥ ይቻላል፤ እውነቱን ለመናገር ሐምሌ ላይ ጎንደር ቤቴ ውስጥ የሚበርደኝን ያህል ሀርቢን ቤት ውስጥ በርዶኝ አያውቅም። የሚያስቸግረው ማሞቂያው ከመከፈቱ በፊት ያሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ናቸው። ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ ማሞቂያው ገና ነው፤ እናታችሁ በግድ ሻንጣ ውስጥ የከተተችው ጋቢ ዋጋው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል። አፍንጫ ይደማል፣ ከንፈርና ተረከዝ ይሰነጠቃል፣ የበር እጀታ ስትይዙ ኤሌክትሪክ ይነዝራችኋል። ማታ ማታ የታጠበ ፎጣ ማሞቂያው ላይ አስጡ፤ ቫዝሊን ሳትቀቡ አትተኙ። የአገሩ ሰው ቀኑን ሙሉ ሙቅ ውኃ በፔርሙስ ይዞ ይጠጣል፤ መጀመሪያ ላይ ጣዕም የሌለው ሻይ ይመስላል፣ ከአንድ ወር በኋላ ግን እናንተም ትይዛላችሁ።

ስለ ቡና ደግሞ ይህን ሳልናገር አላልፍም። መስኮቱ ሁሉ ድርብና ለብርዱ የታሸገ በመሆኑ ከሰል ማቀጣጠል ሕይወት ያጠፋል። የከሰል ጢስ መርዝ ሽታ የለውም፤ እዚህ በራችንን ከፍተን በከሰል ቡና እያፈላን ስላደግን አደጋው አይታየንም። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ያውም ማደሪያው በሚፈቅደው ቦታ ብቻ አፍሉ። ዕጣንም ቢሆን የጢስ ደወሉን ስለሚያስጮኸው ቢቀር ይሻላል።

ውጭ

በረዶ በጠጠረበት የእግር መንገድ ላይ እንስራ አዝላ በእኛ ክረምት ጭቃ እንደምትሄድ ሴት ተራመዱ፦ እርምጃው አጭር፣ የእግሩ መዳፍ በሙሉ መሬት የሚረግጥ፣ ጉልበቱ ትንሽ የላላ ይሁን። እጃችሁን ከኪስ አውጡ፤ ብትወድቁ የሚደግፋችሁ እርሱ ነው። እርጥብ እጅ ከብረት ላይ ተጣብቆ ቆዳ ስለሚነሣ ጓንት ሳታደርጉ የውጭ በር እጀታ አትንኩ። ፀጉራችሁን ታጥባችሁ ሳይደርቅ አትውጡ፤ ይበርዳል ብቻ ሳይሆን ይጋገራል። የሶንግኋ ወንዝ ከኅዳር አጋማሽ ገደማ እስከ መጋቢት መጨረሻ በረዶ ሆኖ ይከርማል፤ ሰው ይራመድበታል፣ ልጆች ይንሸራተቱበታል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሳምንታት ስስ ስለሚሆን የአገሩ ሰው ሳይወጣበት አትውጡበት።

ስልክም ብርድ አይችልም። ባትሪው ግማሽ እያለ ድንገት ይጠፋልና በውስጥ ኪስ፣ ደረት ላይ ያዙት። በሁለተኛው ዓመት የጥምቀት ዕለት ከወንዙ ዳር ቆሜ ወደ ቤት ደወልሁ፤ በእኛ ሰዓት ጠዋት ሦስት፣ በእነርሱ ከቀትር በኋላ ነበር። እናቴ ስልኩን ከፍ አድርጋ የፋሲለደስን መዋኛ ታሳየኝ ነበር፤ ወጣቶቹ ወደ ጠበሉ ሲዘሉ፣ ውኃው ሲረጭ፣ እልልታው ሲቀልጥ ይታየኛል። በእኔ ፊት ደግሞ የሀርቢን ሽማግሌዎች በረዶውን ሰንጥቀው በከፈቱት ገንዳ ውስጥ ይዋኛሉ፤ ይህ የከተማዋ የቆየ ልማድ ነው። ስልኩን አዙሬ ለእናቴ ላሳያት ስል ጠፋ። በስኳር የተለበጠ ፍሬ በእንጨት ላይ ሰክታ የምትሸጥ ሴት አይታኝ፣ ከኪሷ ትንሽ የሚሞቅ ከረጢት አውጥታ ከስልኩ ጀርባ ላይ ለጠፈችልኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ተነሣ። ያ ከረጢት «ኗንባውባው» ይባላል፤ በውስጡ ያለው የብረት ዱቄት አየር ሲያገኝ ይሞቃል። በየሱቁ ይገኛልና ያዙ፤ ነገር ግን በልብስ ላይ እንጂ በቆዳ ላይ አትለጥፉት፣ ያቃጥላል።

ምግብና ጾም

የሰሜን ምሥራቅ ምግብ ቅባትና የአሳማ ሥጋ ይበዛዋል። ሙስሊም ለሆናችሁ «ቺንግጀን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ምግብ ቤት የሐላል ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲህ ያለ መመገቢያ አላቸው፤ ሥጋው የበግና የከብት በመሆኑ ክርስቲያኖቹም እዚያው እንበላ ነበር። ለጿሚ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጾመ ነቢያት የሚገባው ወንዙ መጋገር በሚጀምርበት በኅዳር 15 ስለሆነ፣ ሰውነት ጉልበት በሚፈልግበት ጊዜ ምን እንደሚበላ ማወቅ ግድ ነው። «ዎ ቺ ሱ»፣ ማለትም «ሥጋ የሌለው ነው የምበላ» ብሎ መናገር ብቻውን አይበቃም፤ እንቁላል ይገባበታል፣ ዘይቱም የአሳማ ስብ ሊሆን ይችላል። «ቡ ያው ጂዳን፣ ቡ ያው ኒዩናይ፣ ቡ ያው ጁዮው» ብላችሁ እንቁላል፣ ወተትና የአሳማ ስብ እንደማትፈልጉ ጨምሩ። «ዲ ሳን ሺዬን» የሚባለው ድንች፣ ደበርጃንና ቃሪያ በዘይት ተጠብሶ የሚቀርብበት ምግብ የዚያው አካባቢ የታወቀ ወጥ ነው፤ ስቡ ከቀረለት ጾም ነው፣ ከሩዝ ጋር በደንብ ያጠግባል። ዶፉ የሚባለው የአኩሪ አተር እርጎ መሳይ ምግብም እንደ ሽሮ ሁሉ በበርበሬ ሲሠራ ይጣፍጣል።

ሰውና ጨለማ

ቻይና በሙሉ በአንድ የቤጂንግ ሰዓት ስለምትተዳደርና ሀርቢን በምሥራቅ ስለምትገኝ፣ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነው። ከትምህርት ስትወጡ ጨልሟል። ይህ ጨለማ ከብርዱ ይበልጥ ሰው ይጎዳል፤ ሰው መተኛት ያበዛል፣ ስልክ ማንሣት ይተዋል፣ ከክፍል ይቀራል። ሲጀምራችሁ ስንፍና ነው ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት ውጡ፤ ማታ ማታ ከሰው ጋር ብሉ፤ ፀሐይ ስለምታጥሩ የቫይታሚን ዲ ነገር ሐኪም ጠይቁ፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ወይም ለሐኪም ንገሩ።

ሰው ያያችኋል፣ ፎቶም ሊያነሣችሁ ይፈልጋል። አብዛኛው ጉጉት ነው፤ ካልፈለጋችሁ እጅ አውለብልቦ «ቡ ያው» ማለት ይበቃል። አንድ ነገር ግን ቶሎ ያቀራርባችኋል፦ የዚያ አገር ሰው እንደ እኛው የማያውቀውን ሰው በዝምድና ስም ይጠራል። ሻጯን «ዳጄ»፣ ታክሲ ነጂውን «ዳጌ» ስትሏቸው፣ «እትዬ» እና «ወንድም ጋሼ» እንደማለት ነውና ፊታቸው ይፈታል። የሀርቢን አነጋገር ለመደበኛው ቻይንኛ ቅርብ በመሆኑ እዚያ የተማራችሁት ቋንቋ ቤጂንግም ያገለግላችኋል፤ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጋር ብቻ በመዋል ይህን ዕድል አታባክኑት።

ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1898 በተጀመረው የሩሲያ የባቡር ሐዲድ ሥራ የተቆረቆረች በመሆኗ ጉልላታማ አብያተ ክርስቲያናት አሏት። ትልቁ ቅድስት ሶፊያ፣ የአሁኑ ሕንፃ በ1932 የተጠናቀቀው፣ ዛሬ የሚጎበኝ እንጂ የሚቀደስበት አይደለም፤ የገና ዕለት ልትሳለሙ ሄዳችሁ እንዳታዝኑ አስቀድሜ እነግራችኋለሁ። ገና ታኅሣሥ 29 የሚውለው ታላቁ የበረዶ ፌስቲቫል በሚከፈትበት ሰሞን ነው፤ ከሶንግኋ ወንዝ ተቆርጦ በወጣ በረዶ ቤተ መንግሥት የሚያህል ሕንፃ ተሠርቶ በመብራት ያሸበርቃል። እኛ ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ከጎንደር በስልክ የሚመጣውን ቅዳሴ እናዳምጥ፣ ዶሮ ወጡንም እዚያው በተገዛ ዶሮ እንሠራ ነበር፤ ማታ ወደ በረዶው እንወጣለን።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ወንዙ ሲሰነጠቅ ጃኬቱን አጥባችሁ ለማስቀመጥ አትቸኩሉ፤ ማሞቂያው እስኪዘጋ ድረስ ብርዱ ይመለሳል። ጨርሳችሁ ስትመለሱም ጃኬትና ቦት ጫማችሁን ወደ ጎንደር አታምጡ፤ እዚህ የምትለብሱበት ቀን የለም። በየካቲት በቀጭን ካፖርት ለሚደርሰው አዲስ ተማሪ ማደሪያው ጠባቂ ዘንድ ስሙን ጽፋችሁ ተዉለት፤ የእኔንም የወሰደው እንዲሁ የመጣ የአዘዞ ልጅ ነው።